የላፕቶፕ ዲቪዲ ድራይቭ ግንኙነት ብልሽትና ጥገና

የላፕቶፕ ዲቪዲ ድራይቭ በላፕቶፕ ጎን ገብቶ ሲዲና ዲቪዲን በሌዘር ጨረር የሚያነብ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚጽፍ ስስ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ በተለምዶ «ሲዲ ሮም» ይባላል፤ ዲቪዲ የሚያነበውም የሚጽፈውም በዚሁ ስም ይጠራል። ድራይቩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በጀርባው ባለ አንድ ሶኬት ነው። ኤሌክትሪክ የሚያገኘውም፣ መረጃ የሚያስተላልፈውም በዚያው ሶኬት ነው። ስለዚህ ሶኬቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲላቀቅ ወይም አቧራ ሲይዝ ደህናው ድራይቭ ፈጽሞ የሞተ ይመስላል። ብልሽቱ ከድራይቩ፣ ከግንኙነቱ ወይስ ከሶፍትዌሩ መሆኑን ለይቶ ማወቅ ሳያስፈልግ መለዋወጫ ከመግዛት ያድናል፤ በዲስክ ላይ ብቻ የቀረ ፋይልንም ለማትረፍ ይረዳል።

አሁንም የሚፈለግበት ምክንያት

ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ዲቪዲ ድራይቭ የላቸውም። በኢትዮጵያ ግን ያገለገሉ ላፕቶፖች በብዛት ስለሚሸጡና ስለሚጠገኑ ድራይቭ ያላቸው ማሽኖች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በነበረባቸው ዓመታት ሙዚቃ በሲዲ፣ ፊልም በቪሲዲ፣ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች በዲቪዲ ተቀድተው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ለቤተሰብ የሚሰጠው በዲቪዲ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ከወረቀቱ ቅጂ ጋር በሲዲ ተደርጎ ለቤተ መጻሕፍት ሲገባ ኖሯል። የሲቲ ስካንና የኤም.አር.አይ ምስልም በሲዲ ተቀድቶ ለታካሚ ይሰጣል።

አሰላ የአርሲ ዞን ዋና ከተማና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ተነሥቶ የመጣ የሕክምና ምስል ወደ አሰላ ሲደርስ የሚያነበው ላፕቶፕ ካልተገኘ ሐኪሙ ያለ ምስሉ ለመወሰን፣ ታካሚውም ዳግም ለመነሣት ሊገደድ ይችላል። ልክ የሆነውን መለዋወጫ ለማግኘት ወደ ትልልቆቹ ከተሞች መሄድ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ በአንድ ብሎን ወይም በጥቂት ጥጥና አልኮል የሚድነውን ብልሽት መለየት ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው።

የድራይቩ አሠራር

ሲዲ በፊሊፕስና በሶኒ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ቀረበ። ዲስኩ 120 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መረጃው ከመሐል ወደ ዳር በሚዞር ቀጭን መስመር ላይ ይጻፋል። ድራይቩ ውስጥ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉ፦ ዲስኩን የሚያሽከረክር ሞተር፣ ሌዘሩንና ሌንሱን የያዘው ራስ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚቆጣጠር ሰሌዳ። ከዲስኩ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥና በሶኬቱ በኩል ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል።

ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በአንድ ዓይነት ጨረር አይደለም። ለሲዲ 780 ናኖ ሜትር፣ ለዲቪዲ 650 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ያስፈልጋል። በሲዲ ላይ በጎን ለጎን መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮ ሜትር ሲሆን በዲቪዲ 0.74 ነው። ሲዲ እስከ 700 ሜጋ ባይት፣ ባለ አንድ ሽፋን ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት የሚይዘውም በዚህ ልዩነት የተነሣ ነው። ይህ እውቀት ለጥገና ይጠቅማል። አንድ ድራይቭ ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ የማያነብ ከሆነ ሶኬቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው በሌዘሩ ወይም በሌንሱ ላይ ነው።

የግንኙነት ዓይነቶች

በላፕቶፖች ላይ ሁለት ዓይነት ሶኬቶች ይገኛሉ።

ፓታ (አይ.ዲ.ኢ.)፦ በቀድሞዎቹ ላፕቶፖች የሚገኝ ባለ 50 እግር ሶኬት ነው። እግሮቹ ደቃቅና እርስ በርስ የተቀራረቡ ናቸው። ድራይቩ በግድ ወይም ዘምሞ ሲገፋ በቀላሉ ይጎዳሉ።

ሳታ፦ ከእሱ በኋላ የመጣና አሁን በብዛት የሚታየው ነው። የስስ ድራይቭ ሳታ ሶኬት 13 መስመሮች አሉት። 7ቱ የመረጃ፣ 6ቱ የኤሌክትሪክ ናቸው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሳታ ሶኬት በኤሌክትሪክ በኩል 15 መስመር ስላለው ሁለቱ አይገጥሙም። ከ7ቱ የመረጃ መስመሮች ሁለቱ ጥንድ ወደ ድራይቩ የሚላከውን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጥንድ ከድራይቩ የሚመለሰውን ይሸከማሉ፤ የቀሩት ሦስቱ መሬት (ግራውንድ) ናቸው። ከ6ቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንደኛው ድራይቭ መግባቱን ለማዘርቦርዱ ያሳውቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው 5 ቮልት ያደርሳሉ። አራተኛው ለፋብሪካ ምርመራ የተተወ ሲሆን አምስተኛውና ስድስተኛው መሬት ናቸው።

ኤሌክትሪኩና መረጃው በተለያየ መስመር መሄዳቸው አንድ የተለመደ ግራ መጋባትን ያብራራል። የኤሌክትሪኩ በኩል ሳይነካ ከመረጃው መስመሮች አንዱ ብቻ ቢቆሽሽ ድራይቩ መብራቱን ያበራል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ዲስኩንም ያሽከረክራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አያየውም።

የብልሽቱን ቦታ መለየት

ላፕቶፑን ከመፍታት በፊት ያለ መሣሪያ የሚደረጉ ሙከራዎች አሉ። በቅድሚያ ቢያንስ አንድ ደህና ሲዲና አንድ ደህና ዲቪዲ መሞከር ያስፈልጋል፤ አንድ ዲስክ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ቀጥሎ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል፤ ከዚያም የማብሪያው ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ይደረጋል። ከቆመበት መቀጠል ያቃተው ድራይቭ አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ባዮስ ይታያል። ላፕቶፑ ሲበራ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት የተባለውን ቁልፍ በመጫን (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል) ወደ ባዮስ ይገባል፤ ከተዘረዘሩት መሣሪያዎች መካከልም ድራይቩ ይፈለጋል። ባዮስ ከዊንዶውስም ሆነ ከሊነክስ በፊት የሚሠራ ስለሆነ የእሱ መልስ የሃርድዌሩን ችግር ከሶፍትዌሩ ይለያል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ድራይቩን ከባዮስ ማጥፋት ስለሚቻል አለመዘጋቱም አብሮ ይታያል።

ምልክቶቹን እንደሚከተለው መተርጎም ይቻላል፦

• መብራቱ አይበራም፣ ሳጥኑም አይከፈትም፦ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ሶኬቱ ሳይገጥም ቀርቷል ወይም የ5 ቮልቱ መስመር ተቋርጧል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል የድራይቩ ኤሌክትሪክ በሶፍትዌር ሊዘጋ ይችላል።

• ሳጥኑ ይከፈታል፣ በባዮስ ግን አይታይም፦ የመረጃ መስመሩ ተቋርጧል ወይም ቆሽሿል፤ አለዚያም የድራይቩ ሰሌዳ ተበላሽቷል።

• አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ሲነሣ ወይም ሲዘም ይቋረጣል፦ ግንኙነቱ ልል ነው።

• በባዮስ ይታያል፣ በዊንዶውስ ግን የለም፦ የሶፍትዌር ችግር ነው።

• በሁለቱም ይታያል፣ ዲስክ ግን አያነብም፦ ሌንስ፣ ሌዘር፣ ሞተር ወይም ዲስኩ ራሱ ነው።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ «ስሊፕ» ማድረግ በቂ አይደለም። ቻርጀሩና ባትሪው ይነቀላሉ። በሰውነት ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፖችን ስለሚጎዳ ሥራውን ከመጀመር በፊት መሬት የተያያዘ ብረት መንካት ይገባል። በሱፍ ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ ላይ ከመሥራት ይልቅ ጠረጴዛ ይመረጣል። በድራይቩ ውስጥ ዲስክ ካለ አስቀድሞ ይወጣል፤ ሳጥኑ ካልከፈተ በፊት ለፊቱ ባለው ትንሽ ቀዳዳ ቀጥ የተደረገ አግራፍ በቀስታ ሲገፋ ይከፈታል።

የድራይቩን የብረት ክዳን ፈትቶ በኤሌክትሪክ ማስነሣትና ወደ ሌንሱ መመልከት አደገኛ ነው። የሲዲው ጨረር ለዓይን የማይታይ ነው፤ የሚጽፍ ድራይቭ ጨረር ደግሞ ከሚያነበው እጅግ ስለሚበረታ የዓይንን ብርሃን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

አውጥቶ መመርመርና ማጽዳት

በብዙ ላፕቶፖች ድራይቩን የሚይዘው ከሥር ያለ አንድ ብሎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአጠገቡ የዲስክ ሥዕል ይገኛል። ብሎኑ በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ከተፈታ በኋላ ድራይቩ በቀጥታ ወደ ውጭ ይሳባል። ካልወጣ ኃይል መጠቀም አያስፈልግም፤ ሌላ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው። በአንዳንዶቹ ብሎኑ የሚገኘው ኪቦርዱ ወይም የሥሩ ክዳን ሲነሣ ነው።

ድራይቩ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሶኬቶች በብርሃን ይታያሉ። የሚፈለጉት አቧራ፣ የጠቆረ ወይም የዛገ መስመር፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክና የታጠፈ እግር ናቸው። ሶኬቱ የሚጸዳው ጥራቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በረጠበ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ነው። ሽቶ ቅባት፣ አረቄም ውኃ ስላለው አይመከርም። አልኮሉ ተንኖ ሶኬቱ እስኪደርቅ ድረስ ላፕቶፑ አይበራም።

ግንኙነት ከሚላላባቸው ምክንያቶች በብዛት የሚረሳው ብሎኑ ራሱ ነው። ላፕቶፑ ከዚህ በፊት ተፈትቶ ብሎኑ ሳይመለስ ከቀረ ድራይቩን የሚይዘው የሶኬቱ ጥብቀት ብቻ ይሆናል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ድራይቩ በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ይሸሻል። በቀደመ ጥገና ድራይቩ ተቀይሮ ከኋላው ያለችው ቀጭን የብረት መያዣ ካልተዛወረችም ብሎኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የድራይቩ ፊት ከላፕቶፑ ጎን ጋር እኩል አለመሆኑ የዚህ ምልክት ነው። መድኃኒቱ መያዣዋን መልሶ መግጠም፣ ድራይቩን እስከ መጨረሻው መግፋትና ልኩ የሆነ አጭር ብሎን ማሰር ነው። ረጅም ብሎን ድራይቩን ወግቶ ያበላሻል።

በአንዳንድ ሞዴሎች ሶኬቱ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሆኖ በጠፍጣፋ ገመድ ይገናኛል። ላፕቶፑ ሲወድቅ ወይም ሌላ ጥገና ሲደረግለት ገመዱ ከመያዣው ሊወጣ ይችላል። የመያዣው መቆለፊያ በጥፍር ቀስ ተብሎ ተነሥቶ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይገባና መልሶ ይቆለፋል። ገመዱ ተሰብሮ ከታጠፈ ወይም ከተላጠ ይቀየራል።

የማያዳግመው ሙከራ ማለዋወጥ ነው። ድራይቩ ተመሳሳይ ሶኬትና ውፍረት ባለው ሌላ ላፕቶፕ ላይ ይሞከራል፤ የዚያኛውም ድራይቭ በዚህኛው ላይ ይሞከራል። ድራይቩ እዚያ ከሠራ ችግሩ የላፕቶፑ ሶኬት ነው። እዚያም ካልሠራ ድራይቩ ነው። በአካባቢው ተመሳሳይ ላፕቶፕ ከሌለ የስስ ሳታ ድራይቭን ወደ ዩ.ኤስ.ቢ የሚቀይር ማገናኛ ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል።

ኤሌክትሪኩን መለካት

ይህ ልምድ ላለው ሰው የሚተው ሥራ ነው። በቴስተር የቀጥታ ቮልት ሲለካ በ5 ቮልቱ መስመርና በመሬት መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መገኘት አለበት። የቴስተሩ መርፌ ሁለት መስመሮችን በአንድ ጊዜ ቢነካ ግን ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። አንዳንድ ማዘርቦርዶች 5 ቮልቱን የሚለቁት ድራይቭ መግባቱን ካወቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ባዶ ሶኬት ላይ ዜሮ መገኘቱ ብቻውን ማዘርቦርዱ መበላሸቱን አያረጋግጥም።

ሶኬቱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደበት እርሳስ ሲሰነጠቅ ድራይቩ ሲጫኑት ይሠራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። ይህን መልሶ ለመበየድ በአጉሊ መነጽርና በቀጭን መበየጃ መሥራት የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ግንኙነት የሚመስሉ ሌሎች ችግሮች

በዊንዶውስ ድራይቩ በቢጫ ምልክት ታይቶ 19፣ 31፣ 32፣ 39 ወይም 41 ቁጥር ያለው ስሕተት ከተጻፈ ሶኬቱን መንካት አያስፈልግም። ዲስክ የሚቀዱ ፕሮግራሞች ሲጫኑና ሲወገዱ በሬጂስትሪ ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» እና «ሎወር ፊልተርስ» የተባሉ መዝገቦችን አበላሽተው ስለሚተዉ ይህ ስሕተት ይፈጠራል። በቅድሚያ ድራይቩን ከዲቫይስ ማናጀር አንስቶ ላፕቶፑን መልሶ ማስነሣት ይሞከራል። ካልሆነ የሬጂስትሪው ቅጂ ከተያዘ በኋላ ከሲዲና ዲቪዲ ድራይቭ ክፍል ሥር ያሉት ሁለቱ መዝገቦች ይሰረዛሉ። ሊነክስን ከፍላሽ ማስነሣትም ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ በዚያ ድራይቩ ከሠራ ጥፋቱ የዊንዶውሱ ነው።

በድሮ የፓታ ድራይቮች ላይ ሌላ ችግር ይታያል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በተደጋጋሚ የማስተላለፍ ስሕተት ሲያጋጥመው ወደ ዝግተኛው የማስተላለፊያ ዘዴ ይወርዳል። ሶኬቱ ከተጸዳ በኋላም ድራይቩ ቀርፋፋ ሆኖ ከቀጠለ ማስተላለፊያው ከዲቫይስ ማናጀር ተነሥቶ እንደገና እንዲታወቅ ይደረጋል።

ኦሪጅናል የፊልም ዲቪዲ ብቻ እምቢ ካለ ምክንያቱ የክልል ቁጥር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በዲቪዲ አከፋፈል በክልል 5 ውስጥ ናት። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ በክልል 1፣ ከዱባይ የመጣ በክልል 2 ተስተካክሎ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ይቆለፋል። በአገር ውስጥ የተቀዱ የሰርግ ዲቪዲዎች የክልል ገደብ ስለሌላቸው ይህ አይመለከታቸውም።

የደጋው አየር ተጽዕኖ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የዲቪዲ ድራይቭ ሌንስ በአየር ላይ ስለማይንሳፈፍ ከፍታው በቀጥታ አይጎዳውም። ብርድና እርጥበት ግን ይነኩታል። በብርድ ውስጥ ያደረ ወይም በጠዋት መንገድ የተጓዘ ላፕቶፕ ሰው ወደ ሞላበት ሞቃት ክፍል ሲገባ በሌንሱና በዲስኩ ላይ ጤዛ ይይዛል። ያኔ ድራይቩ ዲስኩን ደጋግሞ ያሽከረክራል እንጂ አያነብም። ሳይበራ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ጤዛው ይተንናል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ድራይቭ ሊጣል አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚቆየው ክረምት እርጥበቱ የሶኬቱን መስመሮች ያጠቁራል። በስንዴና በገብስ አጨዳ ወቅት ደግሞ የሚነሣው ብናኝ በሳጥኑ በኩል ወደ ሌንሱ ይገባል።

የመብራት መቋረጥ በሚጽፍ ድራይቭ ላይ የራሱ ጉዳት አለው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ወይም ዲቪዲ በመሐል ከተቋረጠ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ዲስክ መቅዳት የሚያስፈልግ ከሆነ ዩ.ፒ.ኤስ. መጠቀም ይገባል።

ድራይቩን መቀየር ወይም በውጭ ድራይቭ መተካት

መለዋወጫ ሲገዛ አራት ነገሮች መመሳሰል አለባቸው፦ የሶኬቱ ዓይነት (ፓታ ወይም ሳታ)፣ ውፍረቱ (12.7 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር)፣ የአከፋፈቱ ዓይነት (ሳጥን ወይም ዲስኩ በቀጥታ የሚገባበት)፣ እንዲሁም የኋላ መያዣው ቦታ። የፊቱ ፕላስቲክና የኋላው መያዣ ከአሮጌው ተነቅለው ወደ አዲሱ ስለሚዛወሩ አሮጌውን ሱቅ ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ሶኬቱ መጠገን ካልቻለ በዩ.ኤስ.ቢ የሚሠራ የውጭ ድራይቭ አማራጭ ነው። የዩ.ኤስ.ቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊ አምፔር፣ የዩ.ኤስ.ቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ሞተሩ ሲነሣና ዲስክ ሲጻፍ ከዚህ በላይ ሊፈለግ ስለሚችል አንዳንድ የውጭ ድራይቮች ሁለት ራስ ያለው ገመድ አላቸው፤ ሁለቱም ራሶች መሰካት አለባቸው። ድራይቩ እየጮኸ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎደለው ኤሌክትሪክ ነው።

በድራይቩ ቦታ ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ክፈፍ ማስገባትም የተለመደ ነው። የሃርድ ዲስክ ራስ ከድራይቭ ሌንስ በተለየ በቀጭን አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ብዙዎቹ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። አሰላ ከዚህ በታች ናት፤ ወደ ተራራው ለሚወጣ ላፕቶፕ ግን የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. የተሻለ ነው።

በዲስኩ ላይ ያለውን ማትረፍ

ድራይቩ ተጠግኖ ሲሠራ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው በዲስክ ላይ ብቻ ያለውን ፋይል ወደ ሃርድ ዲስክና ወደ ሌላ ተጨማሪ ማስቀመጫ መገልበጥ ነው። በቤት የተጻፉ ዲስኮች መረጃውን የሚይዙት ለብርሃንና ለሙቀት በሚጋለጥ ቀለም ላይ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ሳይታሰብ መነበብ ያቆማሉ። የቆሸሸ ዲስክ የሚጠረገው ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ እንጂ በክብ አይደለም፤ በክብ የተሠራ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። የሲዲ መረጃ ከጽሑፉ ጎን ሥር ስለሚገኝ በዚያ በኩል የሚደርስ ጭረት ከሥሩ ይልቅ ይከፋል። በዲቪዲ ግን መረጃው በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መሐል ነው። የሚሰበሰቡት ዲስኮች ከፀሐይ ርቀው በማኅደራቸው ይቆማሉ። ስማቸውም ተለጣፊ ወረቀት ሳይለጠፍ ለዲስክ በተዘጋጀ ማርከር ይጻፋል።

የማይድን ድራይቭ ሌንስ፣ ሞተር፣ ብሎኖችና የኋላ መያዣ ለሌላ ጥገና ይሆናሉ። የቀረው ክፍል ከቤት ቆሻሻ ጋር መቃጠል የለበትም፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ይወጣዋል።